ከአሮጌው የዶሮ ቤት ወለል ሥር፦ ስለ ወፍ ኩስና ስለ አፈር ፈንገስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ከኮሎምበስ ከተማ ወጣ ባለ ስፍራ ሰፊ ጓሮ ያለው አሮጌ ቤት የገዙ አንዲት እኅት፣ በጓሮው ጥግ የቀድሞው ባለቤት ለብዙ ዓመታት ዶሮ ያረባበት ቤት እንዳለና ወለሉም በደረቀ ኩስ እንደተሸፈነ ይገልጻሉ። ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ባሉት ዛፎች ላይ ደግሞ በብርዱ ወራት ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቋቁር ወፎች እየመጡ ያድራሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው ለመገጣጠሚያ ሕመም አዳሊሙማብ የተባለውን መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ በመርፌ ይወስዳሉ። ቤተሰቡ ወለሉን ጠርጎ፣ ኩሱን ለጎመንና ለጌሾ ማዳበሪያ ሊያደርገው ሲነሣ አንድ የሥራ ባልደረባ «የወፍ ኩስ ሳምባ የሚያጠቃ ፈንገስ ያመጣል» ብሎ አስጠነቀቃቸው፤ እናታቸው ግን «በአገራችን ዕድሜ ልካችንን ዶሮ አርብተን ምን ሆንን?» ይላሉ። ጠያቂዋ ነገሩ እውነት እንደ ሆነ፣ ዛፎቹ ይቆረጡ እንደ ሆነ፣ የዶሮ ቤቱስ እንዴት እንደሚጸዳ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ውድ እኅቴ፣ ይህን ምላሽ እስከ መጨረሻው እስኪያነቡት ድረስ ማንም ሰው መጥረጊያ ወይም አካፋ ይዞ ወደዚያ ቤት እንዳይገባ በብርቱ አሳስባለሁ። ባልደረባዎ አደጋ መኖሩን በትክክል ነግረውዎታል። የአደጋውን መኖሪያ ግን በትክክል አልነገሩዎትም፤ ይህም ልዩነት ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ ስለ ዛፎቹም ሆነ ስለ ዶሮ ቤቱ የሚወስኑት ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ፈንገሱ ሂስቶፕላዝማ ካፕሱላተም ይባላል፤ የሚያመጣው በሽታም ሂስቶፕላዝሞሲስ። መኖሪያው አፈር ነው። ወፎች በዚህ በሽታ አይያዙም፤ የአእዋፍ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ ፈንገሱ በውስጣቸው ሊባዛ አይችልም። ወፏ የምታደርገው አፈሩን መመገብ ነው። ኩሷ በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ፣ እርጥበትና መጠነኛ ሙቀት ባለበት ስፍራ ለዓመታት ተከማችቶ ከአፈር ጋር ሲዋሐድ፣ ቀድሞም በአካባቢው የነበረው ፈንገስ ሌሎቹን የአፈር ነዋሪዎች በልጦ የሚባዛበት ማሳ ይሆንለታል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በመኪናዎ ላይ የወረደው ትኩስ ኩስ ሂስቶፕላዝሞሲስን እንደሚያመጣ የታየበት ማስረጃ የለም። የሚያሰጋው ወፎች ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያደሩበት ዛፍ ሥር ያለው አፈር ነው፤ ወይም እንደ እርስዎ ጓሮ ዶሮዎቹ ከሄዱ በኋላ እንኳ ኩሱ ሳይነሣ የቀረበት ወለል። እንዲህ ያለው አፈር አእዋፉ ከለቀቁት በኋላም ለዓመታት ሕያው ፈንገስ ይዞ ይቆያል። የሌሊት ወፍ ነገር የተለየ ነው፤ እርሷ አጥቢ እንስሳ በመሆኗ ራሷም ትያዛለች፣ ፈንገሱንም በኩሷ ታወጣዋለች፤ ዋሻ ለዋሻ የሚዞሩ ሰዎች የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው። በቤትዎ ጣሪያ ሥር የሌሊት ወፍ ካለ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ለዚያም ይሠራል።

እኔ የምሠራው በፈንገስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነውና ከዚህ ፍጡር ጋር ዘወትር እንተያያለን። በ25 ዲግሪ በሚቀመጥ መብቀያ (ፈንገስ የምናሳድግበት ምግብ የያዘ ዕቃ) ላይ ሲበቅል እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይነሣል፤ ቆየት ሲል ወደ ቡኒ ይወስደዋል። በማጉያ መነጽር ሲታይ በክሮቹ ጫፍ ላይ ዙሪያቸውን በአጫጭር እሾህ መሰል ጉብታዎች የተከበቡ ክብ ኳሶች ይታያሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ከሁለት እስከ አምስት የሚሊሜትር ሺኛ ብቻ የሚሆኑ፣ ስፖር የሚባሉ ዘር መሰል ብናኞች በብዛት ተበትነዋል። ያንኑ ፈንገስ ወስደን በሰው ሰውነት ሙቀት ማለትም በ37 ዲግሪ ስናሳድገው ጥጡ ይጠፋና በምትኩ ለስላሳ፣ የክሬም መልክ ያለው እርሾ እናገኛለን። በአፈር ውስጥ ሻጋታ፣ በሰው ውስጥ እርሾ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው። ጥጥ መሰሉን መልክ የያዘውን ዕቃ ክዳን በተራ ጠረጴዛ ላይ ከቶ አንከፍተውም፤ አየሩ እየተመጠጠ በሚጣራበት ልዩ ክፍል ውስጥ ብቻ እንነካዋለን። አንድ ስንዝር የማይሞላ ዕቃ ስንከፍት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ለዓመታት በኩስ የተሸፈነ ወለል በደረቅ መጥረጊያ ሲጠረግ ምን ያህል ብናኝ እንደሚነሣ ለመገመት አያዳግትም።

እነዚያ ጥቃቅን ብናኞች የአፍንጫና የጉሮሮን ማጣሪያ አልፈው እስከ ሳምባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃሉ። እዚያም የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሶች ይውጧቸዋል፤ ይሁን እንጂ ፈንገሱ ወደ እርሾነት ተለውጦ በእነዚሁ በዋጡት ሕዋሶች ውስጥ ይባዛል፣ ተሳፍሮባቸውም ወደ ንፍፊቶች፣ ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያና ወደ መቅኒ ይደርሳል። ሳሙኤል ዳርሊንግ የተባለው ሐኪም በ1905 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በፓናማ ቦይ ግንባታ ስፍራ የአንድ የሞተ ሠራተኛ አስከሬን ሲመረምር ያየው ይህንኑ ነበር። አገዳደሉ የሳንባ ነቀርሳ መስሎ የታየው በሽታ በማጉያ መነጽር ሲመረመር ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ተውሳኩን እንደ ወባ ከአንድ ሕዋስ እንስሳት ወገን ቈጠረው። ፈንገስ መሆኑ በመብቀያ ላይ አድጎ የተረጋገጠው በ1934 ነው። በ1949 ደግሞ ቼስተር ኤመንስ የተባለው ተመራማሪ ከአፈር ለይቶ አወጣውና የበሽታው ምንጭ ታወቀ።

የሚኖሩበት ግዛት የዚህ ፈንገስ ዋነኛ አገር ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል የሚኖሩ ብዙ ጤነኛ ሰዎች የሳምባ ራጅ ላይ የጠጠረ ጠባሳ ይታይ ነበር፤ የቲቢ የቆዳ ምርመራቸው ግን ነጻ ሆኖ ይወጣል። ጠባሳው የሂስቶፕላዝማ መሆኑ የተደረሰበት በዚያን ጊዜ ነው። በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች ሸለቆዎች ዙሪያ ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ከ60 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው በአንድ ወቅት ፈንገሱን እንደተነፈሱ ይገመታል። አብዛኞቹ ምንም አልተሰማቸውም፤ ወይም ጉንፋን መስሏቸው አልፈውታል። ይህን የምነግርዎ እንዳይሸበሩ ነው። የበሽታው ክብደት በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በአንድ ጊዜ በተተነፈሰው ብናኝ ብዛትና በተነፈሰው ሰው የመከላከል ዐቅም። የእርስዎ የዶሮ ቤት የፊተኛውን፣ የእናትዎ መድኃኒት የኋለኛውን ጥያቄ ያነሣሉ።

ስለ ብናኙ ብዛት ሁለት ታሪኮችን ልንገርዎ። የፊተኛው ከኮሎምበስ በስተሰሜን ባለችው በዴላዌር ከተማ የሆነ ነው። በሚያዝያ ወር 1970 የመጀመሪያው የምድር ቀን ሲከበር የአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግቢያቸውን ለማስዋብ መጥረጊያና መቧጠጫ ይዘው ወጡ። ግቢው ቀደም ሲል ወፎች ያድሩበት የነበረ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ልጆቹም መምህራኑም በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በደረት ሕመም መውደቅ ጀመሩ፤ በመጨረሻ የታመሙት 384 ደረሱ። አካባቢያቸውን ለማጽዳት በቅን ልብ የወጡ ልጆች እንዲህ መታመማቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ደረቁን አፈር ከመቧጠጣቸው በፊት በውኃ ያራሰው ሰው ቢኖር ኖሮ የብዙዎቹ ሕመም በቀረ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ በአዮዋ ግዛት በሜሰን ሲቲ የደረሰው ሲሆን የዛፎቹን ጥያቄ በቀጥታ ይመልስልዎታል። በከተማይቱ ውስጥ ስታርሊንግ የተባሉት ወፎች ለዓመታት ሲያድሩበት የኖሩት ዛፋማ ቦታ ነበር። በ1962 ቦታው ሲመነጠር በከተማው ወረርሽኝ ተነሣ፤ በ1964 በዚያው ቦታ ላይ እንደ ገና ሥራ ሲጀመር ሁለተኛ ወረርሽኝ ተከተለ። ወፎቹ በነበሩበት ዘመን ሁሉ ከተማው በሰላም ኖሯል፤ በሽታው የመጣው ዛፉ ሲነቀልና አፈሩ ሲገለበጥ ነው። እንግዲህ ዛፎቹን አያስቆርጡ፤ ከሥራቸውም አይቆፍሩ፤ የረገፈውን ቅጠል በሞተር መንፊያ አያስነፉ። ወፎቹ በዚያ ማደር የጀመሩት በቅርብ ከሆነ ማታ ማታ በድምፅና በብርሃን እየረበሹ ማደሪያቸውን እንዲቀይሩ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን የወፎቹን ዓይነትና የአካባቢውን የዱር እንስሳት ሕግ ይጠይቁ። ለዓመታት የቆዩ ከሆነ ከዛፎቹ ሥር ያለውን መሬት በንጹሕ አፈር ወይም በእንጨት ስብርባሪ ሸፍኖ፣ የልጆች መጫወቻ እንዳይሆን አጥሮ መተው ይሻላል።

የእናትዎን ቃል በቀላሉ አላልፈውም። በአገራችን ዶሮ በየቤቱ እየኖረች እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ አለመሰማቱ እውነት ነው። ይሁንና ቁም ነገሩ ዶሮዋ ላይ የለም፤ አንደኛ የቦታው አፈርና እርጥበት፣ ሁለተኛ ኩሱ ስንት ዓመት ሳይነካ ተከማቸ የሚለው ነው የሚወስነው። ማታ ከቤት የገባች ዶሮ ኩሷ በማግስቱ ተጠርጎ ሲወጣ፣ ክምችት የሚባለው ነገር አይፈጠርም። ሌላው ደግሞ አገራችን ከአፈር ፈንገስ ነጻ አለመሆኗ ነው። የሂስቶፕላዝማ የቅርብ ዘመድ የጋሪ ፈረሶቻችንን እግርና አንገት እያቈሰለ ከሥራ የሚያስወጣ በሽታ ያመጣል፤ ባለጋሪዎች መከራውን በደንብ ያውቁታል። በእርግብ ኩስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ክሪፕቶኮከስ የተባለው ሌላ ፈንገስ ደግሞ የኤችአይቪ ሕሙማንን በማጅራት ገትር ሲያጠቃ በሆስፒታሎቻችን የታወቀ ነው። ኤመንስ ይህኛውንም ከእርግብ ኩስ ለይቶ ያወጣው በ1955 ነበር። እርግቧ በዚህም አትታመምም፤ እዚህም ኩሱ ምግብ ነው፣ ሰው የሚታመመውም የደረቀውን ብናኝ ሲተነፍስ ነው። ከጣሪያ ሥር እርግብ የምታድርበት ቤት ያላቸው አንባቢዎች ይህን ልብ ይበሉ።

በሽታው ሲጀምር ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብዎ። ብናኙ ከተተነፈሰ ከ3 እስከ 17 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ደረቅ ሳል፣ የደረት ሕመም፣ ራስ ምታትና ድካም ይመጣሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመውን ሰው መለየት ወይም ዕቃውን መለየት አያስፈልግም። ቀላሉ ዓይነት ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ካልለቀቀ ኢትራኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይታዘዛል፤ የከባዱ ዓይነት ሕክምና ደግሞ በሆስፒታል አምፎተሪሲን ቢ የተባለውን ሌላ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በደም ሥር በመስጠት ይጀመራል። የተለመዱት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በዚህ በሽታ ላይ አንዳች ሥራ የላቸውም፤ የቲቢ መድኃኒትም እንዲሁ።

የቲቢን ነገር ያነሣሁት ለእኛ ወገኖች የተለየ አደጋ ስላለበት ነው። በእጄ ካለፉት ናሙናዎች አንዱ አይረሳኝም። ባለቤቱ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ወገናችን ነበር፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ነበረው፣ የሳምባው ራጅም ነቁጥና ያበጡ ንፍፊቶች አሳየ። ከኢትዮጵያ የመጣ በመሆኑ ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ዋጠ፤ እየከሳ ሄደ እንጂ አልተሻለውም። ከመቅኒው የተወሰደው ናሙና ወደ እኛ ሲመጣ አብሮት በነበረው ቅጽ ላይ የትውልድ አገሩ ተጽፏል፤ የሥራው መስመር ግን ባዶ ነበር። መብቀያው ላይ ያ ነጭ ጥጥ በአራተኛው ሳምንት ብቅ ሲል ሐኪሙ ዘንድ ደወልን፤ ሲጠየቅም ከመታመሙ በፊት የእርግብና የሌሊት ወፍ ማደሪያ የሆነ አሮጌ ጎተራ አፍርሶ እንደነበር ተናገረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ እርሱም የሚያገናኘው ነገር አልመሰለውም። ቲቢ በአገራችን የተስፋፋ በመሆኑ ሐኪም አስቀድሞ ቲቢን ማሰቡ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን አክታው ላይ የቲቢ ተሕዋስ ሳይገኝ፣ መድኃኒቱም ሳይሠራ ሲቀር፣ በኦሃዮ ሸለቆ የሚኖር ሰው ስለ ሂስቶፕላዝማ መመርመር አለበት። የፈንገሱን አንቲጅን ማለትም ከፈንገሱ አካል የሚወጣ ስብርባሪ የሚፈልግ የሽንት ምርመራ አለ፤ ውጤቱም በጥቂት ቀናት ይደርሳል፤ መብቀያው ግን እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

አሁን ወደ ዶሮ ቤቱ። የእኔ ምክር ቤተሰቡ ራሱ እንዳያጸዳው ነው። ጣሪያ ያለው፣ ጠባብና ደረቅ ቦታ ከሁሉ የከፋው ነው፤ አቧራው መውጫ ስለሌለው ሠራተኛው ደጋግሞ ይተነፍሰዋል። ቦታው ካላስፈለገዎ በሩን ዘግተው፣ ቆልፈው ይተዉት፤ ያልተነካ አፈር ማንንም አያሳምምም። ቦታውን ከፈለጉት ወይም ሊያፈርሱት ካሰቡ እንዲህ ያለውን የኩስ ክምችት በማንሣት የሠለጠነ ድርጅት ይቅጠሩ፤ ገንዘቡ የማይናቅ ቢሆንም ከሆስፒታል አልጋ ይቀላል። ድርጅቱን ሲያነጋግሩ እንዴት እንደሚሠሩ ይጠይቋቸው። ከማንኛውም ነገር በፊት ወለሉን ጥቂት ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ፣ በኃይል ሳይሆን በቀስታ በሚረጭ ቱቦ እስከ ሥሩ ያርሱታል ወይ? ኃይለኛ የውኃ ግፊት ራሱ ብናኝ ያስነሣል። እርጥብ እንዳለ ወፍራም በሆነ የላስቲክ ከረጢት እያሰሩ ያወጡታል ወይ? የሚጠቀሙበት የአቧራ መምጠጫ ሄፓ የተባለው፣ ጥቃቅን ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ አለው ወይ? የቤት ውስጥ ተራ መምጠጫ ብናኙን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። የሚለብሱት ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መተንፈሻ መሆን አለበት፤ በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ቀጭኑ ሰማያዊ መሸፈኛ ለዚህ ሥራ ከንቱ ነው፣ ኤን 95 የሚባለውም ለአጭርና አቧራ ለሌለበት ሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለው ወለል አይበቃም። በረኪና ደፍቶ ማምከን ይቻላል የሚል ሰው ከመጣ አይስሙት፤ ኩስ የተከማቸበት አፈር ውስጥ በረኪና ቶሎ ኃይሉን ያጣል። በሥራው ቀን የመኖሪያ ቤቱ መስኮቶችና የአየር ማስገቢያዎች ይዘጉ፤ እናትዎም ቀኑን ሌላ ዘንድ ይዋሉ። የሠራተኞቹ ልብስና ጫማ ወደ ቤት አይግባ።

ኩሱን ለማዳበሪያ ማዋል ይቅር። ሂስቶፕላዝማ በመብላት የሚመጣ በሽታ ስላልሆነ ጎመኑ አይመረዝም፤ ጉዳቱ ኩሱን ሲዝቁት፣ ሲበትኑትና በየጊዜው ሲኮተኩቱት የሚነሣው አቧራ ነው፤ ከአንድ ጥግ የነበረውን ፈንገስ ወደ ሙሉው ጓሮ ማዛመት ይሆናል። ለጌሾና ለጎመን ከገበያ በከረጢት የሚሸጥ የተብላላ ማዳበሪያ ይበቃዎታል። ወደ ፊት ዶሮ ማርባት ካማረዎ ደስ ብሎኝ እደግፍዎታለሁ፤ አዲሱን ቤት ግን ከአሮጌው ርቆ ይሥሩት፣ ኩሱንም ሳይከማችና ሳይደርቅ በየሳምንቱ ያንሡት።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእናትዎ ጉዳይ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት የመገጣጠሚያውን ብግነት የሚያበርደው፣ ሰውነት እንደ ሂስቶፕላዝማ ያሉትን በሕዋስ ውስጥ የሚደበቁ ተውሳኮች አፍኖ የሚይዝበትን አንዱን መሣሪያ በመያዝ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ማስጠንቀቂያቸው እንዲጠነክር ያዘዘው በዚሁ ፈንገስ ምክንያት ነበር፤ ከደረሱት ሪፖርቶች መካከል ቢያንስ በ21 ሕሙማን በሽታው መጀመሪያ ሳይታወቅ ቀርቶ ሕክምናው ዘግይቷል፣ ከእነዚያም 12ቱ ሞተዋል። መድኃኒቱን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ፤ ያቆሙ እንደ ሆነ ሕመሙ ያገረሽባቸዋል፣ ውሳኔውም የሐኪማቸው ነው። እርስዎ በዚህ ሳምንት ለሐኪማቸው ደውለው ስለ ዶሮ ቤቱና ስለ ወፎቹ ይንገሩ፤ እናትዎ እስካሁን ወደ ውስጥ ገብተው ከሆነ ቀኑን ጨምረው ይናገሩ። ከአሁን በኋላ ሁለት ሦስት ቀን የዘለቀ ትኩሳት ወይም ሳል ከያዛቸው «ጉንፋን ነው» ብለው አይጠብቁ፤ ወደ ሐኪም ሲሄዱም የትውልድ አገራቸውን ብቻ ተናግረው እንዳይመለሱ፤ «ኦሃዮ ውስጥ ከአሮጌ የዶሮ ቤት አጠገብ እንኖራለን፣ አዳሊሙማብም ይወስዳሉ፤ የሂስቶፕላዝማ የሽንት ምርመራ ይደረግላቸው» ብለው በግልጽ ይጠይቁላቸው።